ከትምህርት ቤት ሸሽቶ የተመለሰው ተማሪ፦ ቅዱስ ያሬድ

በዘንድሮው መገናኛችን በሁለተኛው ቀን ከጎንደር ተነስተን ወደ ሰሜን ተራሮች የሄድን ሰዎች ቡይት ራስ ላይ ከአውቶቡስ የወረድንበትን ሰዓት የምንረሳው አይመስለኝም። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፈን ከ3,200 ሜትር በላይ ስንወጣ ግማሾቻችን ትንፋሽ አጠረን፤ ግማሾቻችን ጋቢ ባለመያዛችን ተቆጨን። ጭላዳዎቹ ግን ከመጤፍም ሳይቆጥሩን ሣራቸውን ይነጫሉ። ከገደሉ አፋፍ ቆመን ወደ ታች ስናይ ቆላው ዓይን እስከሚደርስበት ተዘርግቷል። በዚያ በኩል ጸለምት፣ ከጸለምት ወዲያ ተከዜ፣ ከተከዜ ማዶ ደግሞ የአክሱም አገር ነው። ሌላው ፎቶ ሲነሣ እኔ ብቻዬን ፈንጠር ብዬ መቆሜን ያዩ ወዳጆቼ ከፍታው ያመመኝ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ። ምንም አላመመኝም ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ በዚያው አፋፍ በኩል ከትምህርት ቤት ሸሽቼ ማለፌ ትዝ ብሎኝ ነው።

የዝግጅት ኮሚቴው ለዚህ መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድጽፍ ሲያዘኝ መቼም ስለ ሐኪም ወይም ስለ ሚኒስትር የምጽፍ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን ከአፋፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ የመረጥኩት ሌላ ሰው ነው። ትምህርት አልገባው ብሎ የተገረፈ፣ ከትምህርት ቤት የጠፋ፣ በኋላ ግን የአገሪቱ የዜማ አባት የሆነ፣ ዕድሜውንም እዚሁ ሰሜን ተራሮች ውስጥ እንደፈጸመ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ።

የያሬድን ታሪክ የምናገኘው ከገድሉና ግንቦት 11 ቀን ከሚነበበው ስንክሳር ነው። ሁለቱም ከእርሱ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ዘግይተው የተጻፉ ስለሆኑ እኔም የምተርከው አባቶች ሲቀባበሉት እንደኖሩት ነው። በቤተ ክርስቲያን በተለመደው አቆጣጠር ያሬድ የተወለደው ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ነው። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱ ታውክልያ ልጇን ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን አጎቱ ናቸው፤ በአክሱም ጽዮን የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ። አባት የሌለው ልጅ አሳዳጊም መምህርም ባንድ ጊዜ አገኘ ማለት ነው። ላየው ሰው መንገዱ የተቃና ይመስል ነበር።

ገድሉ ይህ ልጅ የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ ከጓደኞቹ ጋር ምን ተጫውቶ እንደሚውል አይነግረንም። ያሬድ አባት በሆነለት ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቂት ዓመት ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ግን ይህን ክፍት ቦታ ከራሴ ኑሮ ልሙላው። በአክሱም ያኔ ሁሉም ነገር እንደዚህ ነበር ልል አልችልም። በዶርምና በካፌ ላደጋችሁት ጓደኞቼ ግን የቆሎ ተማሪ ቤት ምን እንደሚመስል መናገር ይገባኛል።

ከቤት የወጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤቱ ከደባርቅ ወጣ ብሎ በአንድ ደብር ዙሪያ ነበር። ተማሪው ሁሉ ወንድ ነው፤ ትንሹ ስምንት ዓመት፣ ትልቁ ጢም ያወጣ ጎልማሳ። ሲመዘገቡ የሚከፈል ነገር የለም። አንድ ደበሎ፣ አንድ አኮፋዳ፣ ለውሻ የሚሆን አንድ ዱላ ካለህ ተማሪ ነህ። ማደሪያችን በገዛ እጃችን የምንሠራት ጎጆ ናት፤ ለሦስት ወይም ለአራት እንተኛባታለን። ወለሉ ላይ ጓሳ ይጎዘጎዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ከደበሎው ሥር ዘልቆ አጥንት ስለሚነካ መሐል የሚተኛው በተራ ነበር። ቅማሉና እከኩ ግን ተራ አይጠብቅም፤ ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

ምግባችን ከመንደሩ ነው። በማርያም ስም እየለመንን ከደጅ ደጅ እንዞራለን፤ የዚያ አገር እናት ባዶ እጅ አትመልስም። ከአንዱ ቤት የገብስ ቂጣ፣ ከአንዱ ቤት ቁራሽ እንጀራ፣ ከአንዱ ቤት እፍኝ ቆሎ። የተረፈውን እናደርቀዋለን፤ ዝናብ ሲውል ወይም ሥራ ሲበዛ እርሱን አርሰን እንበላለን። ከእያንዳንዱ ቤት ውሻ ጋር በስም እንተዋወቅ ነበር። አንዱ ከታመመ ሌላው የእርሱንም ድርሻ ለምኖ ይመጣል። ይህ በደንብ የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ የጣሰው ሰው ግን አላየሁም።

ትምህርቱ የሚጀመረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። መብራት የለም፤ የሌሊቱ ትምህርት በጆሮ ብቻ ነው። ከፍ ያለው ተማሪ ይላል፣ ታናሹ ይቀበላል። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ግን ሃያ ልጅ ባንድ ጊዜ ሲጮኽ የትኛው የትኛዋ ላይ እንደሳተ ከተቀመጡበት ያውቃሉ። አዲስ ገቢ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የየኔታን ግቢ ይጠርጋል። እኛ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ፍሬሽ ተብለን የቀመስነውን ሁሉ እኔ አስቀድሜ በደበሎ ቀምሼዋለሁ።

ከትምህርት ውጪስ ካላችሁ፣ እኛም ክበብ ነበረን፤ ስም አልነበረውም እንጂ። ቅዳሜ እንዶድ ይዘን ወንዝ እንወርዳለን። ልብሱ እስኪደርቅ ራቁታችንን ሆነን መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን ገበጣ እንጫወታለን። በገና ሰሞን ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሩር እየመታን የጎረቤቱን ማሳ ስለምንረግጥ በማግሥቱ ልመና ስንሄድ ፊት ይነሱናል። በቡሄ እየዞርን እንጨፍራለን። እጃቸው የሚበረታ ልጆች ጥላሸት በጥብጠው ቀለም ይሠራሉ፣ ብራና ይፍቃሉ፣ ሸምበቆ ቀርጸው ብዕር ያወጣሉ። ማታ ከጎጆ ጎጆ እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን፤ የተሸነፈ አገር ይሰጣል። አገር ስጥ ሲሉኝ ሁልጊዜ ደባርቅን እሰጥ ነበር፤ ያየሁት ከተማ እርሱ ብቻ ስለነበር። የዓመቱ ትልቁ ድግስ ግን ተዝካር ነው። የሞተ ሰው ተዝካር ሲወጣለት ተማሪ ሁሉ ይጠራል፤ እኛም ሟቹን አናውቀውም፣ እንደ ዘመድ ግን እንጸልይለታለን። ግንቦት 11 ደግሞ የያሬድ ቀን ነው። ያን ዕለት የኔታ አይመቱም። ትልልቆቹ ማኅሌት ቆመው ያድራሉ፤ እኛ ትንንሾቹ ግድግዳ ተደግፈን እንቅልፋችንን እየታገልን እናዳምጣለን።

እንግዲህ ወደ ያሬድ ልመለስ። በእንደዚህ ያለ ዓለም ውስጥ ትምህርት የማይዘው ልጅ መሆን ምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። ሁሉም ነገር በቃል ነው፤ በቃል ያልያዘ ልጅ ምንም አልያዘም። ትንሹ ያሬድ መዝሙረ ዳዊትን እንኳ መያዝ አቃተው። ዓመታት አለፉ፤ እኩዮቹ እያለፉት ሄዱ። እነርሱ ሳቁበት፣ መምህሩ መከሩት። ምክሩ ባልሠራ ጊዜ ጅራፉ ወጣ። የአጎት ጅራፍ ከባዕድ ጅራፍ ይልቅ ሳያምም አይቀርም፤ ከእርሱ ሸሽቶ የሚገባበት ቤት የለማ።

አንድ ቀን ልጁ ጠፋ። ከአክሱም ወጥቶ ዘመዶች ወደነበሩበት ወደ መደባይ አቀና። ማይ ኪራህ ከምትባለው ቦታ ሲደርስ ደከመውና ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። የሚቀጥለውን ሁሉም ልጅ ያውቀዋል። አንድ ትል ፍሬ ለመብላት ግንዱን ይወጣል። ከመንገድ ይወድቃል። እንደገና ይጀምራል፤ ይወድቃል። ስድስት ጊዜ እንዲህ ሆኖ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰ። ያሬድ ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ከዚያ ተነሣና የመጣበትን መንገድ ይዞ ተመለሰ።

በልጅነታችን ይህ ታሪክ የሚነገረን ስለ ትሉ ነበር። ስለ ጽናት ነው፤ ሰባት ጊዜ ሞክሩ ነው። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ትሉ ተስሎ አይተናል። ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ ግን እኔን የያዘኝ ከትሉ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው፤ ሰዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፉት። ልጁ ከመምህሩ ደጅ ደረሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ መምህሩም ተቀበሉት። አስቡት እንጂ። የገረፉ መምህር ናቸው። የጠፋ ተማሪ ነው፤ ያውም ዓመታት ያለ ፍሬ ያስደከማቸው። ጠፋ ብለው ስሙን ከአፋቸው ማውጣት ይችሉ ነበር። አባ ጌዴዎን ግን በሩን ከፈቱለት፣ ከፊታቸው አስቀመጡት፣ ካቆመበት ጀመሩለት። በዚያን ቀን በሩ ተዘግቶ ቢሆን ትሉ ሺህ ጊዜ ቢወጣ ቢወርድ ያሬድ የሚባል ሊቅ ባልኖረን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ዳዊቱን ያዘ፣ ሌሎቹን መጻሕፍት በአጭር ጊዜ ጨረሰ፣ ዲያቆን ሆነ። ገድሉ እንደሚለው በሰው አምሳል ቋንቋ የሚናገሩ ሦስት ወፎች ከገነት ወደ እርሱ መጥተው ወደ ሰማይ መርተውት ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ሲያዜሙ ሰማ። ተመልሶም በአክሱም ጽዮን ቆሞ የሰማውን በዜማ አሰማ። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች ለእርሱ የሚሰጡ ናቸው፤ ሊቃውንት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉት አምስቱ የዜማ መጻሕፍትም በስሙ ይጠራሉ። የዓመቱን በዓል፣ ጾምና ወቅት እያንዳንዱን በየቀኑ የሚያዜሙት በእነዚህ ነው። አንድ ገጽ መያዝ አቅቶት የሸሸ ልጅ ሌላው ተማሪ ዕድሜውን ሙሉ ተምሮ የማይጨርሰውን መጽሐፍ ትቶ ሄደ።

ዘመኑ የዐፄ ካሌብ ልጅ የዐፄ ገብረ መስቀል ነበር። ንጉሡ የያሬድን ዜማ ይወዱ ነበርና አንድ ቀን ሲያዜም ፊት ለፊቱ ቆመው በዘንጋቸው ላይ ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። የዘንጋቸው ጦር የያሬድን እግር ወጋው። ያሬድ በዜማው ተመስጦ አልሰማውም፤ ንጉሡም አላዩም። ዜማው ሲያልቅ ደሙ ሲፈስ ታየ። ንጉሡ ደንግጠው ለካሳው የፈለገውን እንዲጠይቅ ነገሩት። ርስት ይጠይቃል፣ ሹመት ይጠይቃል ተብሎ ሲጠበቅ እርሱ ከቤተ መንግሥቱ እንዲያሰናብቱት ለመነ። ንጉሡ አዘኑ፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ ተከዜን ተሻገረ። ጸለምትን ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣ። ቡይት ራስ ላይ ቆመን ቁልቁል ያየነው አገር እንግዲህ እርሱ ሽቅብ የመጣበት ወገን ነው። ይኼኔ አስፋልት የለ፣ የሊማሊሞ ጥምዝምዝ የለ፤ እግርና ዱላ ብቻ። በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጅብራና አስታ መካከል በጾምና በጸሎት ተቀመጠ። ብቻውን ግን አልቀረም፤ ተማሪዎች ተከትለውት መጡ፣ እርሱም አስተማራቸው። ከጅራፍ የሸሸው ልጅ በስተርጅናው የራሱ ተማሪ ቤት ነበረው። በዚያው ተራራ በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን፣ በ66 ዓመቱ፣ ከሰው ዓይን ተሰወረ ይባላል። ደብረ ሐዊ የሚባለው ገዳሙ ዛሬም በሰሜን ተራሮች ውስጥ አለ።

ትምህርቱ በአፍና በጆሮ ብዙ መቶ ዓመት ተጓዘ። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክቶች ሠርተው ከቃሉ በላይ በጥቃቅን ጽሑፍ አሰፈሩት። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ እያለ ተማሪው የሚቆጥራቸው እነዚህን ነው። ድጓ ለመማር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ወደ ጎንደር በእግር መሄድ እስካሁንም ያልተቋረጠ የተማሪ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ስሙን ከእርሱ ወስዷል፤ በዚያ ፒያኖ የሚማር ልጅ የያሬድ ተማሪ ይባላል።

አሁን የራሴን ዕዳ ልክፈል። እኔ የተሰናከልኩት በውዳሴ ማርያም ዜማ ነው። የሰኞውን ስይዝ የማክሰኞው ይጠፋል፤ ማክሰኞን ሳጠና ሰኞ ተነሥቶ ይሄዳል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ አንድ ማታ ተመታሁና ሌሊቱን ደበሎዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። ጎሕ ሲቀድ ቡይት ራስ አፋፍ ላይ ነበርኩ፤ ሣሩ በውርጭ ነጭቷል፤ እግሬ አይሰማኝም። ከዚያ ማዶ አክስቴ ነበረችና ከቤቷ ገባሁ። ትልም አላየሁም፤ ዛፍ ሥርም አልተቀመጥኩም። ወደ ኋላ መመለስ ጨርሶ አልታሰበኝም፤ በሩ እንደተዘጋ እርግጠኛ ነበርኩ። አክስቴ ደባርቅ ወስዳ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባችኝ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ አንድ የበጋ ወር ወደዚያ ደብር ሄድኩ። የኔታ ካረፉ ቆይተዋል። በእኔ ዘመን ትልቅ የነበረው ተማሪ መሪጌታ ሆኖ በእርሳቸው ወንበር ተቀምጧል። ሲያየኝ ወዲያው አወቀኝና አቅፎ ሳመኝ። ከዚያ የነገረኝን እስካሁን ተሸክሜው እኖራለሁ። የኔታ በማግሥቱ ሁለት ተማሪ ልከው ሲያስፈልጉኝ ዋሉ። በጎጆዋ ውስጥ የእኔን መኝታ ሌላ ልጅ እንዳይዘው አዘው እስከ ፋሲካ አስጠበቁት። ደበሎዬም ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ቆየች። በሩ ክፍት ነበር። የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አላወቅሁም።

ይህን ሁሉ በመጽሔታችን ላይ የጻፍኩት ለትዝታ ብቻ ብዬ አይደለም። የመጽሔቱን ያለፉት ዓመታት እትሞች አውጥቼ አገላበጥኩ። በየባቹ ጋውን ለብሰን የተነሣነው ፎቶ፣ ስማችንና ሥራችን በተራ ሰፍሯል። ከእኛ ጋር የገቡት ሁሉ ግን እዚያ የሉም። አንደኛ ዓመት ላይ ውጤት ሲለጠፍ ስሙን ከታች ያገኘ፣ በሌሊት ሻንጣውን አዘጋጅቶ ማንንም ሳይሰናበት የወጣ ጓደኛ ያልነበረው ማን አለ? እኔ በነበርኩበት ዶርም ብቻ ሁለት ነበሩ። ከአንዱ ጋር አንድ ሳሙና ተካፍለን ታጥበናል፤ የፊዚክስ ጥያቄ ያስረዳኝ እርሱ ነበር። ዲስሚስ ሲባል አልፈለግሁትም። ያፍራል ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አፍሬ ነው። የአልሙናይ ማኅበራችን መዝገብ ዲግሪ ያልያዘ ሰው አይመዘግብም፤ የዶርም ወንድምነት ግን ዲግሪ ጠይቆን አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ለሚቀጥለው መገናኛችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን ከዶርማችን የጎደለውን አንድ ሰው እንፈልግና እንጥራው። ምናልባት ነጋዴ ሆኗል፣ ምናልባት ሌላ ቦታ ተምሮ ከእኛ በላይ ሄዷል፣ ምናልባትም አልተቃናለትም። አይመጣም ይሆናል፤ ይህ የእርሱ ፈቃድ ነው። ቦታው እንዳልተያዘ ግን ይስማ። ከመካከላችን መምህር የሆናችሁም ብዙ ናችሁ፤ የወደቀ ተማሪ ከቢሯችሁ በር ላይ ሲቆም አባ ጌዴዎንን አስቡልኝ።

እኔ የሳሙናውን ጓደኛዬን መፈለግ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኛል፤ ይህ መጽሔት ከእጃችሁ ሳይገባ እደውልለታለሁ።